ቦርጭ እየቀነሰ ጡንቻ ይጨምራል ወይ? የጀማሪዎች ጥያቄና መልስ

ሰላም ቤተሰብ። ባሕር ዳር ጂም ውስጥ ጀማሪ ማሠልጠን ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆነኝ። ዛሬ ማታ እስከ 4 ሰዓት እዚሁ ነኝ። ስትጠይቁ ኪሎአችሁን፣ በሳምንት ስንት ቀን እንደምትሠሩና ምን እንደምትበሉ ጻፉልኝ። «እንዴት ልክሳ?» ብቻ ብሎ ለሚመጣ መልስ የለኝም።

ጥያቄ (ደብረ ማርቆስ)፦ ጋሼ፣ 82 ኪሎ ነኝ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ72። ጂም ከገባሁ 3 ሳምንቴ ነው። አንዱ «መጀመሪያ ክሳ፣ ጡንቻው ይደርሳል» ይለኛል። ሌላው «መጀመሪያ ብላና ወፍር» ይላል። የማንን ልስማ?

መልስ፦ የሁለቱንም አትስማ። ጀማሪ ነህ፣ ስብም አለህ። ሁለቱ አብረው የሚሄዱት እንዳንተ ላለ ሰው ነው። ብረት ያልለመደ ጡንቻ ትንሽ ስትነካው ያድጋል፤ የጎደለውን ጉልበት ከቦርጭህ ይወስዳል። ዓመታት የሠራ ቀጭን ሰው ይህን ዕድል በቀላሉ አያገኝም። ከምትበላው በቀን ከ300 እስከ 500 ካሎሪ ብቻ ቀንስ። ከዚያ ካለፍክ ጡንቻውም አብሮ ይሄዳል። ፕሮቲን በቀን ለእያንዳንዱ የሰውነትህ ኪሎ 1.6 ግራም ያዝ፤ ላንተ 130 ግራም ገደማ ነው። በሳምንት 3 ቀን መላ ሰውነትህን ሥራ፦ ስኳት (ብረት ትከሻ ላይ አድርጎ ቁጭ ብድግ)፣ ቤንች ፕሬስ (ተንጋሎ ብረት ከደረት ወደ ላይ መግፋት)፣ ዴድሊፍት (ብረት ከመሬት ይዞ ቀጥ ብሎ መቆም)፣ ጎንበስ ብሎ ባርቤል ወደ ሆድ መሳብ። እያንዳንዱን 3 ዙር፣ ከ8 እስከ 12 ጊዜ። 12ቱ ሲቀልህ 2 ኪሎ ተኩል ጨምር። ደብተር ግዛ። ደብተር የሌለው ሰው ያነሳውን ይረሳና ለ6 ወር ያችኑ 20 ኪሎ ሲገፋ ይኖራል።

ጥያቄ (ሞጣ)፦ ቦርጭ ለማጥፋት ምን ልሥራ?

መልስ፦ ከላይ ያለውን አንብብ።

ጥያቄ (ፍኖተ ሰላም)፦ ብረት ባነሳ ወንድ እመስላለሁ ብዬ ፈራሁ።

መልስ፦ አትመስይም እህቴ። ያን ለማምጣት የወንድ ሆርሞን ያስፈልጋል። እዚህ ያሉት ወንዶች እንኳ ስንት ዓመት ለፍተው አላመጡትም።

ጥያቄ (እንጅባራ)፦ ዐቢይ ጾም እየመጣ ነው። እንቁላል የለ፣ ወተት የለ። 55 ቀን ሙሉ የሠራሁት ሁሉ ሊጠፋ ነው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። አይጠፋም። ጡንቻ የሚጠፋው ብረቱን ስታቆምና ሽሮ በዘይት ብቻ ስትበላ ነው። መጀመሪያ ዘይቱን እንይ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው። የኑግም ሆነ የሱፍ ያው ነው። የጾም ወጥ ላይ አራት ማንኪያ ስትደፋ 480 ሆነ። የቀነስከው ሁሉ ድስቱ ውስጥ ተመልሶ ገባ። «ጾም ላይ ወፈርኩ» የምትሉኝ ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ፕሮቲኑ። መቶ ግራም ያልበሰለ ምስር ከ20 ግራም በላይ አለው። አኩሪ አተር ደግሞ 36 ገደማ። እናንተ አዊዎች ግን ቤታችሁ ያለውን ወርቅ ረስታችኋል። ግብጦ፣ ያ ነጩ መራራ ጥራጥሬ! ደረቁ ከአኩሪ አተር አያንስም፤ በውኃ የራሰው በመቶ ግራም 15 ገደማ ይሰጣል። ስብም ስታርችም ያነሰው፣ ቃጫ የበዛበት ነው፤ ቶሎ ያጠግባል። እኔ ያደግኩት ዳንግላ ነው። እናቴ ቆልታ በጆንያ ታስርና ወንዝ ዳር ድንጋይ ጭና ትነክረዋለች። እኛ ልጆቹ ደግሞ በየቀኑ እየሄድን አንድ ፍሬ ሰርቀን በጣት ጫን እናደርጋለን። ቆዳው እጃችን ላይ ቀርቶ ፍሬው ተፈትልኮ ይወጣል። ከመረረን እንተፋና «ገና ነው» ብለን ለእናቴ እንነግራለን። ያ ምላስ ነበር መለኪያችን።

ማስጠንቀቂያ፦ መራራነቱ ሳይወጣ እንዳትበሉ። ያ ምሬት መርዝ ነው፤ አፍ ያደርቃል፣ ዓይን ያደበዝዛል፣ ልብ ያስመታል። ኦቾሎኒ የማይስማማው ሰውም ይጠንቀቅ፤ ግብጦም ላይስማማው ይችላል። የራሰ ግብጦ 200 ግራም፣ ደረቅ ምስር 100 ግራም፣ የሽሮ ዱቄት 75 ግራም ብትል 70 ግራም ፕሮቲን አገኘህ። እንጀራው የራሱን ይጨምራል። ለ82 ኪሎው ልጅ ያልኩት 130 አይደርስም፤ ለ55 ቀን ግን ያለህን ይጠብቅልሃል።

አባል (ባሕር ዳር)፦ ምን ግብጦ ያስፈልጋል፣ ጣና አጠገባችን! ቆሮሶ በሎሚ። ዓሣ በጾም ይበላል።

አባል (ደብረ ማርቆስ)፦ ማን አለህ? ዓሣ በዐቢይ ጾም አይበላም።

አባል (ባሕር ዳር)፦ ባሕር ዳር መጥተህ ምሳ ቤቶቹን እይ።

አባል (ደብረ ማርቆስ)፦ ምሳ ቤት ቀኖና ሆነ እንዴ?

መልስ፦ ወንድሞቼ፣ ለዚህ የነፍስ አባቶቻችሁን ጠይቁ። እኔ የማውቀው ስኳት ነው። በፍስክ ግን ቆሮሶ ብሉ፤ በመቶ ግራም ከ20 በላይ ፕሮቲን ነው። ብቻ በዘይት አትጥበሱት።

አባል (ዳንግላ)፦ ግብጦ እኮ ለአረቄ ነው የተፈጠረው ጋሼ 😄

መልስ፦ አረቄ ባንድ ግራም አልኮል 7 ካሎሪ ነው። ፕሮቲን የለውም። እንቅልፍህንም ያበላሻል። ቀጥሎ።

ጥያቄ (ቡሬ)፦ ሰፈራችን ጂም የለም። በቀለም ጣሳ ሲሚንቶ ሞልተን በቧንቧ ብረት አያይዘናል። ይሠራል?

መልስ፦ እንዴት አይሠራም! እኔም በዚያው ነው የጀመርኩት። ጡንቻ የፋብሪካ ብረትና ሲሚንቶ አይለይም። ግን እህል ነጋዴ ጋ ወስዳችሁ አስመዝኑት። ሁለት ጣሳ እኩል ሆኖ አያውቅም፤ የኔ ቀኝ ትከሻ ለዓመት ያመመኝ ግራው በ3 ኪሎ ቀሎ ነው። ሚዛኑን ጣሳው ላይ በቀለም ጻፉ። ብቻህን ሆነህ ደረትህ ላይ አትግፋ፤ ሰው አጠገብህ ይቁም። እና ደብተር።

ጥያቄ (መርዓዊ)፦ ጓደኛዬ ከፋርማሲ ክኒን ገዝቶ በ1 ወር ፊቱ ሞላ። ዴክሳሜታሶን ይላል። እኔም ልሞክር?

መልስ፦ በፍጹም! ያ ጡንቻ አይደለም፤ ውኃና ስብ ነው። ዴክሳሜታሶን ያለ ሐኪም ሲቆይ ጡንቻ ይበላል፣ አጥንት ያሳሳል፣ ስኳር ከፍ ያደርጋል። ጓደኛህ ግን ዛሬውኑ በድንገት አያቁመው። ሐኪም ጋ ይሂድና ቀስ በቀስ ያስቁሙት። መውሰድ የምትችለው ነገር ካስፈለገህ ክሬቲን የሚባል የስፖርተኞች ዱቄት አለ፤ ጤነኛ ሰው ከሆንክ በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም። እሱም ቢቀር ግድ የለም።

ጥያቄ (ባሕር ዳር)፦ ሥራ የምሄደው በብስክሌት ነው። ሩጫ ልጨምር?

መልስ፦ ብስክሌቱ ይበቃሃል።

ጥያቄ (ደጀን)፦ 6 ሳምንት ሠራሁ፣ ሚዛኑ ንቅንቅ አላለም። ተስፋ ቆረጥኩ።

መልስ፦ ቀበቶህስ?

ጥያቄ (ደጀን)፦ አንድ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ገብቷል።

መልስ፦ ታዲያ ምን ቆርጦህ ነው ተስፋ የምትቆርጠው? ስብ ወጣ፣ ጡንቻ ገባ፣ ሚዛን ሁለቱን አይለይም። ወገብህን በሜትር በ2 ሳምንት አንዴ ለካ፣ እምብርትህ ላይ፣ ጠዋት ሳትበላ። ደብተሩ ላይ ጻፈው። ስኳትህ በስንት ጨመረ?

ጥያቄ (ደጀን)፦ አልጻፍኩትም ጋሼ።

መልስ፦ አየህ!

ጥያቄ (ዱርቤቴ)፦ ቦርጭ ብቻ ለይቶ የሚያጠፋ ስፖርት አለ?

መልስ፦ ሁለተኛ ጊዜ ነው ዛሬ። የለም። ሲት አፕ የሆድ ጡንቻ ያጠነክራል፤ ከላዩ ያለውን ስብ አይነካም። ስብ ከየት እንደሚወጣ ሰውነትህ ነው የሚወስነው። ሌላ ሰው ይህን ከጠየቀ ዘግቼ እተኛለሁ።

ጥያቄ (እንጅባራ)፦ ጋሼ፣ የጾሙን የጠየቅኩት ነኝ። እናቴ ከሦስት ቀን በፊት የነከረችው ግብጦ አለ። አሁን ቀመስኩት፣ ትንሽ ብቻ ነው የሚመረው። ልብላው?

መልስ፦ ትፋው። ውኃውን ቀይር። ደህና እደሩ።