ምሽቱን ለነጃሺ ብቻ አትስጡት

ወዐለይኩሙ ሰላም እህቴ። «አሜሪካ በምንማርበት ዩኒቨርሲቲ የሙስሊም ተማሪዎች ማኅበር በየዓመቱ የእስልምና ሳምንት ያዘጋጃል። ዘንድሮ አንዱን ምሽት ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ሰጠን። ስለ ነጃሺ ብናቀርብ ይበቃል ወይ?» ነው ጥያቄሽ። ተማሪ ሳለሁ እንዲህ ዓይነት ምሽቶች ከሚያዘጋጁት አንዱ ነበርኩ፤ ከተመረቅኩም በኋላ አግዛለሁ። በእኔ እምነት አይበቃም።

እ.ኤ.አ. በ615 ሰሓቦች፣ የነቢዩ ባልደረቦች፣ ከመካ ወደ ሐበሻው ንጉሥ ወደ ነጃሺ መሰደዳቸውን እዚያ የሚቀመጠው ሙስሊም ሁሉ ከልጅነቱ ያውቀዋል። ፓኪስታናዊውም ግብፃዊውም ከስደተኞቹ አንዱ ጃዕፈር በንጉሡ ፊት ሱረቱል መርየምን፣ ከቁርኣን የመርየምን ምዕራፍ፣ እንደቀራ ይነግርሻል። ከዚያ ወዲህ ስላለው ግን ብዙዎቹ ምንም አልሰሙም። ደግሞም ያ ታሪክ የእንግዶች ታሪክ ነው። አያቶቻችን አርሰው፣ ነግደው፣ ኪታብ ጽፈው፣ ደረሳ (የሃይማኖት ተማሪ) አስቀርተው የኖሩ ያገር ልጆች ናቸው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከሕዝቡ 33.9 በመቶ፣ ማለትም 25 ሚሊዮን ያህሉ ሙስሊም ነበር። ይህን ስትናገሪ ሐበሾቹም ጭምር ሲገረሙ ታያለሽ።

ስለዚህ ነጃሺን በአምስት ደቂቃ አንሱትና ወደ ሐረርና ወደ ወሎ እለፉ። ጀጎል፣ በግንብ የታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው፤ 82 መስጊዶች አሉት። የሐረሩ ሸሪፍ ሙዚየም በእጅ የተጻፉ ኪታቦችን ሰብስቦ ይዟል። ከሁሉ ይበልጥ የምወደው ግን ዐጀሚውን ነው። ዐጀሚ ማለት የራስን ቋንቋ በዐረብኛ ፊደል መጻፍ ነው፤ የወሎ ሸይኾች መንዙማቸውን፣ በዜማ የሚባለውን መንፈሳዊ ግጥም፣ በአማርኛ ገጥመው እንዲህ ጽፈውታል። አንድ ገጽ በስክሪን ላይ አሳዩ። ፊደሉን የሚያውቀው ዐረብ ትርጉሙ አይገባውም፤ አማርኛውን የሚሰማው ሐበሻ ደግሞ ፊደሉን አያነብም። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ ፊደሉን እያነበበ ሌላው እየተረጎመ አንድ ስንኝ ሲፈቱ አይቻለሁ። አንዱ ክርስቲያን ነበር። የአንድ ሰዓት ንግግር ያን አያመጣም። ከዚያ መንዙማውን የሚያወጣ ሰው ካገኛችሁ ድምፁንም ያሰማችሁ።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተደረገውን ታላቅ ሰልፍም አትዝለሉት። ሙስሊሞች እኩልነት ጠይቀው ወጡ፤ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ተሰለፉ። ዒዶቻችን በመንግሥት ደረጃ በዓል የሆኑት ከዚያ በኋላ ነው። ያን ዘመን የሚያስታውሱ እናትና አባት በከተማችሁ አይጠፉም። አንድ ሰው ጋብዙ፤ ማይክሮፎኑን ስጡና አዳምጡ።

ሌላው፣ ምሽቱን ከትምህርት ክፍል ጋር አያይዙት። ተማሪዎች ብቻቸውን ሲያዘጋጁት የሚመጣው ያው ጓደኛ ነው። የታሪክ ወይም የአፍሪካ ጥናት መምህር ካነጋገራችሁ ክፍሉን ይዞ ይመጣል፣ ለተገኘም ነጥብ ሊሰጥ ይችላል። ቤተ መጻሕፍቱንም ጠይቁ። ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ ስለ 19ኛው ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና የጻፉት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2001 ወጥቷል፤ ከሌላቸው እንዲገዙ ማመልከት ይቻላል። ምሽቱ ያልፋል፣ መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። መምህሩ በሚቀጥለው ሴሚስተር አንድ ምዕራፍ ካስነበበ ደግሞ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?

ስለ ኢማም አሕመድ፣ ግራኝ ስለሚባሉት ማለቴ ነው፣ የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም። አትሽሹ፣ ግን ተማሪ አይመልሰው። የ16ኛው ክፍለ ዘመን ጦርነት የታሪክ ባለሙያ ሥራ ነው። እናንተ ስለ አያቶቻችሁ ኑሮ መስክሩ።

ስለ ምግቡ። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ሐበሻ አንዱ የሌላውን ሥጋ እንደማይበላ ታውቂያለሽ። በስጋ ወጥ ምክንያት ጠረጴዛ ሲለያይ ማየት ያሳዝናል። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ሳምቡሳ በምስር አቅርቡ። በ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በየካቲት በአንድ ሳምንት ነው የገቡት። እንዲህ ሲገጣጠም ኢፍጣር ላይ የጾም ምግብ ብታደርጉ ሁሉም ከአንድ ትሪ ይበላል። ቡናውንም አትርሱ።

የመግሪብን፣ የጀምበር መጥለቂያውን ሶላት፣ ሰዓት ፕሮግራሙ ላይ ጻፉት፣ መስገጃ ክፍልም ከአዳራሹ ጋር አብራችሁ አስይዙ። የሐበሻ ተማሪዎች ኅብረትን ደግሞ በእንግድነት ሳይሆን በአዘጋጅነት ጥሩ። ፖስተሩ ላይ ስማቸው ካለ ጓደኞቻቸውን ራሳቸው ያመጣሉ። የዐጀሚ ገጽ ከፈለጋችሁ በውስጥ ጻፊልኝ፤ ያለኝን እልካለሁ።