«ሕይወታቸውን አጡ» ወይስ «ገደሏቸው»? የጦርነት ፊልም ወደ አማርኛ ሲመለስ

ጥያቄ፦ የውጭ አገር የጦርነት ፊልሞችን የግርጌ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ፤ ለተመልካች የሚሆን አጭር መግለጫም እጽፋለሁ። በቅርቡ በሠራሁት ፊልም ወታደሮች አንድ መንደር ገብተው ነዋሪዎቹን ይሰበስቡና ይገድሏቸዋል። መግለጫው ላይ «በእልቂቱ በርካታ ንጹሐን ዜጎች ሕይወታቸውን አጡ» ብዬ ጻፍኩ። ሥራውን ያዩ ባልደረባዬ ግን «ማን ገደላቸው?» ብለው ጽፈውበት መለሱልኝ። ዓረፍተ ነገሩ ምን ጎደለው? «እልቂት» እና «ጭፍጨፋ» ልዩነታቸው ምንድን ነው? «የጦር ወንጀል» ነው የሚባለው ወይስ «የጦርነት ወንጀል»?

መልስ፦ ባልደረባዎ የጻፉት ጥያቄ ከእኔ መልስ ግማሹን ይዟል። ዓረፍተ ነገርዎ በሰዋስው በኩል ምንም እንከን አይወጣለትም፤ ነገር ግን ፊልሙ ፊት ለፊት ያሳየውን ገዳይ ከመድረኩ አውርዶታል። «አጡ» የሚለው ግሥ ባለቤቱ ሟቾቹ ናቸው፤ ሰው ቁልፍ እንደሚያጣ እነሱም ሕይወታቸውን አጡ። «ሕይወታቸው አለፈ» ቢሉ ደግሞ ባለቤቷ ሕይወት ራሷ ትሆናለች። «ለሞት ተዳረጉ» ላይ አንድ የዳረጋቸው እንዳለ ይሸታል፤ ማንነቱ ግን «ተ» ውስጥ ተሰውሯል። ሦስቱም ለመኪና አደጋና ለጎርፍ ያገለግላሉ። ጠመንጃ ደግኖ ሰው ለገደለ ወታደር ግን አይበቁም።

አማርኛ ገዳይንም ሟችንም በአንድ ቃል መያዝ የሚችል ቋንቋ ነው። «ገደሏቸው» አምስት ፊደል ብቻ ነው፤ ማን እንዳደረገውም በማን ላይ እንደተደረገም ውስጡ አለ። «ሕይወታቸውን አጡ» ክፍተቱን ጨምሮ አሥር ቦታ ይወስዳል። በስክሪን ግርጌ ከሁለት መስመር በላይ ቦታ ለሌለው ተርጓሚ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ እውነተኛው ቃል አጭሩም ነው።

ተገብሮ ግሥ ግድ ከሆነብዎ «በ» ላይ ይጠንቀቁ። «በጥይት ተገደሉ» መሣሪያ፣ «በመንደሩ ተገደሉ» ቦታ፣ «በሌሊት ተገደሉ» ጊዜ ነው። «በወታደሮች ተገደሉ» ስንል አድራጊውን ከጥይቱና ከሌሊቱ ጋር በአንድ ወንበር አስቀመጥነው። የአማርኛው የቆየ መፍትሔ «በወታደሮቹ እጅ ተገደሉ» ነው፤ «እጅ» ስትገባ አድራጊው ሰው መሆኑ አያጠራጥርም።

ሌላው የቋንቋው ትልቅ ሀብት «አስ» ነው። እንዲህ ያሉ ፊልሞች ብዙ ጊዜ የሚያጠነጥኑት በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ የተኮሰው ነው ወይስ ያዘዘው ጥፋተኛው? አማርኛ ሁለቱን በግሥ ይለያቸዋል፦ ገደለና አስገደለ፣ ረሸነና አስረሸነ፣ አቃጠለና አስቃጠለ። ስለዚህ «መኮንኑ የመንደሩን ሰዎች ገደለ» ተብሎ ሲጻፍ እሱ ራሱ ተኩሶ እንደሆነ ፊልሙን መልሰው ይዩ። ካዘዘ «አስገደለ» ይበሉ። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፤ «ወንድሙን ጠቁሞ አስገደለው» እንደምንለው ቃሉ ሳያዙም ለሞት ምክንያት መሆንን ይጨምራል። ትእዛዙ ግልጽ እንዲሆን «አዝዞ አስገደለ» ማለት ይሻላል። እያወቀ ዝም ላለ አዛዥ የተለየ ግሥ የለንም፤ «እያወቀ አላስቆመም» ብሎ መዘርዘር ነው። ይህን መተው አይገባም፤ ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤትን ያቋቋመው የሮም ስምምነት በአንቀጽ 28 አዛዥን በዚሁ ጭምር ይጠይቀዋል።

የማዕረግ ስሞቻችን ደግሞ ልዩ ወጥመድ አላቸው። «ሻምበል» የመኮንኑም የክፍሉም ስም ነው፤ «ሻለቃ»ም እንዲሁ። «ሻምበሉ መንደሩን አቃጠለ» ሲባል አንድ ሰው ነው ወይስ ከመቶ በላይ ሰው ያለው ጦር? አንባቢ ሊያውቅ አይችልም። «ወታደሩ»ም ቢሆን አንድን ሰው ወይም ጠቅላላ ሠራዊቱን ሊያመለክት ይችላል። ክፍሉን «የሻምበል ጦሩ» ይበሉት፤ መኮንኑን በፊልሙ ውስጥ ባለው ስሙ ይጥሩት፤ አንዱን ተኳሽ «አንድ ወታደር» ይበሉ። በዚህ ላይ የአክብሮት ግሥ ሲጨመር ነገሩ ይብሳል። «ሻለቃው ተኩስ አዘዙ» ስንል «አዘዙ» ለአንድ የተከበረ ሰውም ለብዙ ሰዎችም ስለሚሆን፣ ቀጥሎ «ገደሉ» ሲመጣ ተጠያቂው ብዙ መስሎ ይታያል። መግለጫ ላይ ለመኮንኖች የአንቱታ ግሥ አይጠቀሙ። በጨዋነት ስም ኃላፊነት ይበተናል።

ወደ «እልቂት» እና «ጭፍጨፋ» እንምጣ። «እልቂት» የወጣው ከ«አለቀ» ነው፤ ማለቅ ደግሞ አድራጊ አያስፈልገውም። ሕዝብ በረሀብ ያልቃል፤ ከብት በበሽታ ያልቃል። ቃሉ የሚነግረን የሟቹን ብዛትና የቀረውን ባዶ ቦታ ነው። «ጭፍጨፋ» የወጣው ቅርንጫፍ ከመጨፍጨፍ ነው። ጨፈጨፈ፣ ቀጠቀጠ፣ ከተከተ የመሰሉት ደጋጋሚ ግሦች እጅ እየተነሣ ደጋግሞ መውረዱን ያሳያሉ፤ ጨፍጫፊ የሌለው ጭፍጨፋ የለም። «ፍጅት» መካከል ላይ ይቆማል፤ እሳትም ይፈጃል፣ ሰዎችም እርስ በርስ ይፋጃሉ። ከዚህ የተነሣ «ፍጅት» የሁለት ወገን መተላለቅን ጠረን ይዞ ይመጣል። አንዱ ወገን ታጥቆ ሌላው እጁን አንሥቶ በቆመበት ትዕይንት ላይ ባይጠቀሙበት እመርጣለሁ። ለእርስዎ ፊልም የሚስማማው «ጭፍጨፋ» ነው። «እልቂት» ስሕተት ባይሆንም ስለ ውጤቱ እንጂ ስለ ድርጊቱ አይናገርም።

«ረሸነ» ለብቻው መታየት ያለበት ግሥ ነው። የተያዘን፣ መሸሽም መዋጋትም የማይችልን ሰው አቁሞ በጥይት መግደል ነው። ነዋሪዎቹ ቦይ ዳር ተሰልፈው ከተገደሉ «ረሸኗቸው» ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥ ልክ ነው። በሽሽት ላይ ሳሉ የተመቱትን ግን «ረሸኗቸው» አይባልም።

«ደመሰሰ» በተቃራኒው የጦር መግለጫ ቃል ነው። ጠላት ይደመሰሳል፤ ምሽግ ይደመሰሳል። ለመንደር ሰው ሲውል ሰውየውን በአንድ ቃል ታጣቂ ያደርገዋል። ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም፤ በታሪክ የተመዘገበ ነገር ነው። መጋቢት 7 ቀን 1960 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 16 ቀን 1968) የአሜሪካ ወታደሮች በቬትናም፣ በማይ ላይ መንደር ሴቶችን፣ ሕፃናትንና ሽማግሌዎችን ጨፈጨፉ። መጀመሪያ የወጣው ወታደራዊ ዘገባ 128 የጠላት ተዋጊዎች እንደተገደሉ የሚናገር ነበር፤ ተያዘ የተባለው መሣሪያ ግን 3 ብቻ ነው። በኋላ የአሜሪካ ጦር ምርመራ የሟቾቹን ቁጥር 347 አደረሰው፤ በቦታው ያለው የቬትናማውያን መታሰቢያ 504 ይላል። ሰዎቹ በመጀመሪያው ዘገባ ውስጥ «ጠላት» ሆነው ነው የገቡት። ወንጀሉ ከአንድ ዓመት በላይ ከሕዝብ ዓይን ተሸሽጎ የቆየበት አንዱ መንገድ ይኸው ስያሜ ነው። (በነገራችን ላይ «በማይ ላይ ላይ የተፈጸመው» ብለው አይጻፉ፤ አንባቢው «ላይ»ን ሁለቴ የተጻፈ ስሕተት አድርጎ ያርመዋል። «በማይ ላይ መንደር የተፈጸመው» ይበሉ።)

ታዲያ ገጸ ባሕሪው መኮንን በሬዲዮ «128 ጠላት» ብሎ ሲናገር ተርጓሚው «128 ሰላማዊ ሰዎች ገደልን» ብሎ ያርመው? በፍጹም። ሽፋኑን እንደ ሽፋን ይተርጉሙት፤ «128 ጠላት ተደምስሷል»። «እርምጃ ወስደናል»፣ «አካባቢውን አጽድተናል»፣ «አሰሳው ተጠናቋል» የሚሉት አማርኛችን ቀድሞውኑ ያወጣቸው መሸፈኛዎች ናቸው፤ በወታደሩ አፍ ውስጥ በትክክል ይቀመጣሉ። ተመልካቹ ምስሉን እያየ ቃሉን ሲያነብ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ራሱ ይናገራል፤ ዳይሬክተሩ የፈለገውም እሱን ነው። በመግለጫው ውስጥ ግን የሚናገሩት እርስዎ ነዎት። እዚያ «እርምጃ ተወሰደባቸው» ካሉ የወታደሩን ቃል የራስዎ አደረጉት።

ተመሳሳይ ጥንቃቄ ለ«ማረከ» ያስፈልጋል። ከጠላት ጦር የተወሰደ መሣሪያ ምርኮ ነው፤ ከአንዲት ባልቴት ጓሮ የተወሰደ ከብት ዘረፋ ነው።

«ንጹሐን ዜጎች» የሚለው ሐረግ ሁለት ችግር አለበት። ቀላሉን ላስቀድም፤ «ዜጋ» የመንግሥት መኖርን ይጠይቃል፣ የማን ዜጋ የሚል ጥያቄም ያስከትላል። በወረራ ሥር ላለ መንደር «ነዋሪዎች» ይበቃል። ከባዱ «ንጹሐን» ነው። ንጹሕ ማለት በደል የሌለበት ማለት ስለሆነ ቃሉ ፍርድ ይሰጣል። በእነዚህ ፊልሞች ግን ወታደሮቹ ዘወትር የሚያነሡት ሰበብ «እነዚህ ሰዎች ታጣቂ ይደብቃሉ፣ ያበላሉ» የሚል ነው። ቢያበሉስ? እ.ኤ.አ. ኦገስት 12 ቀን 1949 የጸደቀው አራተኛው የጄኔቫ ስምምነት ሲቪሎችን የሚጠብቀው ልባቸውን መርምሮ አይደለም፤ ተዋጊ ስላልሆኑ ነው። «ንጹሐን» ብቻ እያልን ስንጽፍ ንጹሕነቱ ያልተረጋገጠውን ሰው መግደል ይቻላል የሚል በር ሳናስበው እንከፍታለን። «ሰላማዊ ሰዎች» ይሻላል፤ ለሕጉ ትርጉም ይበልጥ የሚቀርበው ግን «ሲቪሎች» ነው፤ አራት ፊደልም ነው። ይሁንና «ሲቪል የለበሰ» በአማርኛ የደንብ ልብሱን ያወለቀ ወታደር ወይም ፖሊስ ማለት ስለሆነ «ሲቪል የለበሱ ሰዎች ተገደሉ» ብለው እንዳይጽፉ። «ንጹሐን»ን ከተጠቀሙም ቃሉ ራሱ የግዕዝ ብዙ ቁጥር ነው፤ «ንጹሐኖች» አይባልም።

«ተሰዉ»፣ «መሥዋዕት ሆኑ» የሚሉትንም ለነዋሪዎቹ አይጠቀሙ። መሥዋዕትነት ዓላማ አለው፤ እነሱ ያልመረጡትን ዓላማ እንሰጣቸዋለን።

«የጦር ወንጀል» እና «የጦርነት ወንጀል» ሁለቱም ይሰማሉ። «ጦር» በአማርኛ መጀመሪያ የሚወረወረው ጦር ነው፤ ከዚያ ሠራዊት፣ ከዚያም ውጊያ ራሱ ሆነ። ስለዚህ «የጦር ወንጀል» ሦስተኛውን ትርጉም ይዞ በትክክል ቆሟል፣ በሕግ አጻጻፍም የተለመደው እሱ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግም በሲቪል ሕዝብ ላይ የሚፈጸመውን የጦር ወንጀል በአንቀጽ 270 ይደነግጋል። ከአጻጻፉ የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ስሞቹ እንደ ማጋነኛ መወሰዳቸው ነው። የጦር ወንጀል የትጥቅ ግጭት መኖሩን ይጠይቃል፣ ብዛት ግን አይጠይቅም፤ አንድ እስረኛ መግደል ይበቃል። በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል በሲቪሎች ላይ የተነጣጠረ ሰፊ ወይም የተቀነባበረ ጥቃት አካል መሆን አለበት። ዘር ማጥፋት ደግሞ አንድን ብሔራዊ፣ ጎሣዊ፣ ዘራዊ ወይም ሃይማኖታዊ ቡድን የማጥፋት ሐሳብን ይጠይቃል። «ጭፍጨፋ» ለአሰቃቂው ትዕይንት ያነሰ ስለመሰለን ብቻ «ዘር ማጥፋት» አንልም።

ስለ መድፈር ሳይነሣ መልሱ ሙሉ አይሆንም፤ ብዙዎቹ ፊልሞች ያሳዩታልና። «ክብሯን አጣች» የሚለው አነጋገር ከዓረፍተ ነገርዎ «አጡ» ጋር አንድ ነው፤ የግሡ ባለቤት ተበዳይዋ ሆነች። «አስገድደው ደፈሯት» ይበሉ፤ ማፈር ያለባቸውም ግሡ ውስጥ ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የብራያን ዴ ፓልማ ፊልም (Casualties of War) አንድ የአሜሪካ ወታደሮች ጓድ በ1966 በቬትናም አንዲት ወጣት ጠልፎ፣ ደፍሮ የገደለበትን እውነተኛ ወንጀል መሠረት ያደረገ ነው፤ ርእሱን ብዙዎች «የጦርነት ሰለባዎች» ይሉት ይሆናል። «ሰለባ» በግዕዝ ከተሸነፈው ላይ የተገፈፈ ምርኮ ነው፤ «ሰለበ» ገፈፈ፣ ነጠቀ ማለት ነበር። በዛሬው አማርኛ ተጎጂው ራሱ ሰለባ ተብሏል፤ ቃሉ ሥር ላይ ግን አሁንም የገዳዩ ግዳይ አለ። ለዚህ ፊልም ርእስ በጣም ይስማማል ብዬ አምናለሁ። በመግለጫው ውስጥ ግን የተበደሉትን ከራሳቸው ወገን ለመጥራት «ግፉዓን» የሚል ቃል አለን፤ ከ«ግፍ» ጋር አንድ ሥር ያለው፣ ነጠላው «ግፉዕ»። ብዙ አንባቢ ያውቀዋል፤ ቢዘወተር ደስ ይለኛል።

የመጨረሻው እርስዎ ያልጠየቁት ነገር ነው፤ ግን በእያንዳንዱ መስመር ይገጥምዎታል። እንግሊዝኛ ሽማግሌንም ሕፃንንም ሲያነጋግር አንድ ተውላጠ ስም ብቻ አለው። አማርኛ ያስመርጣል። ወታደሩ የቤቱን በር በርግዶ ለሰባ ዓመት አዛውንት የሚናገረውን «ይውጡ» ብለው ከተረጎሙት ትዕይንቱን ገደሉት። «ውጣ!» ነው፤ ግፉ የሚጀምረው ከጥይቱ በፊት እዚያ ላይ ነው። አዛውንቱ ለልጅ እግሩ ወታደር ሲመልሱ ደግሞ «ጌታዬ፣ ምንም የለንም፤ ይፈትሹ» ይላሉ። አስተርጓሚ ሆኖ መካከል የቆመ ገጸ ባሕሪ ካለ የሁለቱን ድምፅ እንዴት እንደሚያቀብል ያስተውሉ፤ የወታደሩን «ውጣ» ወስዶ «አባቴ፣ ይውጡ ይላሉ» ካላቸው፣ በዚያች ቃል ብቻ ከማን ወገን እንደሆነ ተመልካቹ ያውቃል።