ሲደነዝዝ ማን ይስለዋል?

ልጆቼ፣ እንደምን ናችሁ?

እንጨት ስሠራ አርባ ዓመት አለፈኝ። ጉልበቴ ደክሟል፤ እጄ ግን እንቢ ብሏል። ጠዋት ተነስቼ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ነገር ካልነካካሁ ቀኑ የነጋ አይመስለኝም። ሙያውን ሊለምዱ የሚመጡ ልጆች ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን መሮዎችና መላጊያዎች እያዩ አንድ ጥያቄ ይደጋግሙብኛል። «ጋሼ፣ የድሮው ይሻላል የአሁኑ?»

ሽበቴን አይተው «የድሮው!» እንድል ይጠብቃሉ። አልልም።

ድሮ የተሠራ ሁሉ ጥሩ አልነበረም። ስለት የማይዝ መሮ፣ አናቱ የሚወልቅ መዶሻ፣ ገና ሥራ ሳይጀምር የሚጎብጥ መጋዝ ያኔም ሞልቶ ነበር። እነዚያ ተሰብረውና ተጥለው አልቀዋል። ዛሬ እጃችን የሚገባው ከወንፊቱ ላይ የቀረው ነው። እሱን እያየን «ዕቃ ድሮ ቀረ» እንላለን። ደግሞ ቀኝ ትከሻዬን ጠይቁት። ሲበርድ የሚያመኝ ጣውላ በእጅ ስልግ ስለኖርኩ ነው። የኤሌክትሪክ መላጊያ መጀመሪያ የያዝኩ ዕለት የሁለት ቀን ሥራ ከምሳ በፊት አለቀልኝ። ያን ቀን የድሮውን የመናፈቅ ስሜት በአጠገቤም አላለፈ።

ስለዚህ መሣሪያ ሳነሳ ዕድሜውን አልጠይቅም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ሲደነዝዝ ማን ይስለዋል? እኔ ከሆንኩ ዕቃው የኔ ነው። ማንም የማይስለው ከሆነ ግን፣ ገንዘቡን ሙሉ ብከፍልም የተከራየሁት ያህል ነው።

መጋዝን እንይ። አሁን የሚሸጠውን ተራ የእጅ መጋዝ አንሱና የጥርሶቹን ጫፍ ወደ ብርሃን አድርጋችሁ ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ ጠቆር ወይም ሰማያዊ ብሎ ታዩታላችሁ። ጫፉ ብቻ በኤሌክትሪክ በቅጽበት ግሎ እንዲጠነክር ተደርጓል። እንደ ጉድ ይቆርጣል፤ ስለቱም ከኔ መጋዝ የበለጠ ይቆያል። ይህን አልክድም። ግን አንድ ቀን ይደነዝዛል። ያን ጊዜ ሞረድ ብታስጠጉለት ይንሸራተታል እንጂ አይነክስም። መጨረሻው ቆሻሻ መጣያ ነው።

የድሮውን መጋዝ ግን ሞረድ ይበላዋል። ሆን ተብሎ ነው እንዲህ የተሠራው። ብረቱ ስለት ለመያዝ የሚበቃ ጥንካሬ አለው፤ ሞረድን የሚመልስ ጥንካሬ ግን የለውም። ጥርሱን ወደ ላይ አድርጋችሁ ሞርሳ (ዕቃ ነክሶ የሚይዝ ማሰሪያ) ላይ ታስሩታላችሁ። ባለ ሦስት ማዕዘን ሞረድ ይዛችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ትሄዳላችሁ። ወደፊት ስትገፉ ትጫናላችሁ፤ ስትመልሱ ታነሳላችሁ። አንዱን ጥርስ ትሞርዱና ቀጣዩን ትዘላላችሁ። ከዚያ መጋዙን አዙራችሁ የዘለላችሁትን ትይዛላችሁ። ሞረዱ በደንብ ሲነክስ ድምፁ ወጥ ነው። ከጮኸ አያያዛችሁ ተበላሽቷል፣ ወይም መጋዙ ከሞርሳው አፍ በጣም ወጥቷል፤ ዝቅ አድርጋችሁ እሰሩት። እኔ እስካሁን የምሞርደው በጆሮዬ ነው ማለት ይቻላል፤ ዓይኔማ ከከዳኝ ቆየ።

ጥርሶቹ አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ በጥቂቱ የተጣመሙ መሆናቸውንም ያኔ ታያላችሁ። መጋዙ የሚከፍተው መንገድ ከራሱ ውፍረት ትንሽ እንዲሰፋ ነው። ይህን ሁለት ሦስቴ የሠራ ልጅ መጋዝ እንጨት ውስጥ ሲያዝበት ጉልበት አይጨምርም። አውጥቶ ጥርሱን ያያል። ጣውላን በርዝመቱ የሚሰነጥቀው መጋዝ ጥርሱ እንደ ትንንሽ መሮ፣ አግድም የሚቆርጠው ደግሞ እንደ ትንንሽ ቢላ መሆኑን በጣቱ ያውቀዋል። መጋዝ እየጣለ አዲስ የሚገዛ ልጅ ግን አሥር ዓመት ቆርጦም ይህን ላያውቅ ይችላል። ጥፋቱ የሱ አይደለም። መሣሪያው አላስተማረውም።

(የጥንት ግብፆች መጋዝ መዳብ ነበር። መዳብ ሲገፉት ይታጠፋል፤ ስለዚህ እየጎተቱ ነበር የሚቆርጡት። ጃፓኖች ደግሞ ጥሩ ብረት እያላቸው ዛሬም ይጎትታሉ። ሲጎተት ስለማይታጠፍ መጋዛቸውን በጣም ስስ አድርገው ይሠሩታል። ሞክሬዋለሁ። እጄ ግማሽ ቀን ግራ ገብቶት ዋለ።)

መላጊያ ሌላ ታሪክ አለው። ዓመቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ። በ79 እሳተ ገሞራ በቀበራት በኢጣሊያዋ የጥንት ከተማ በፖምፔይ የሮማውያን መላጊያ ተገኝቷል። ብታዩት ወዲያው ትለዩታላችሁ፤ አካል አለው፣ አፍ አለው፣ ስለት አለው። ከዚያ በኋላ ከአንድ ሺህ ሰባት መቶ ዓመት በላይ መሠረቱ አልተለወጠም። ስለቱ በሽብልቅ ይያዛል፤ የሚስተካከለውም በመዶሻ መታ መታ እየተደረገ ነው። አናቱን ሲመቱት ይወርዳል፤ የመላጊያውን ጀርባ ሲመቱ ይመለሳል። እጅ ካልለመደ ያሳብዳል። በ1860ዎቹ ሊዮናርድ ቤይሊ የሚባል አሜሪካዊ ያን ሁሉ መታ መታ በጣት በምትዞር አንዲት የናስ ፍሬ ተካው። ስታንሌይ የተባለው መሣሪያ አምራች ድርጅት በ1869 መብቱን ገዛው። ዛሬም ከሚሠራው የብረት መላጊያ አብዛኛው የዚያ ዝርያ ነው።

እኔ የምወደው ለውጥ እንዲህ ያለውን ነው። አስቸጋሪውን አቀለለው፤ ግን ምንም አልደበቀም። አንድ ካቻቢቴ ካላችሁ ሁሉንም ፈታታችሁ፣ ጠርጋችሁ፣ መልሳችሁ ትገጥሙታላችሁ።

ስለ ብረት ደግሞ አንድ ጥፋቴን ላውራችሁ። ጀማሪ ሳለሁ የአለቃዬ መሮ ጫፉ ተሸርፎ ነበር። ላስተካክል ብዬ በሞተር በሚሽከረከረው መሳያ ድንጋይ ላይ ያዝኩት። ውሃ ውስጥ እየነከሩ ማቀዝቀዝ እንዳለብኝ ተነግሮኛል። ማን ይሰማል! ጫፉ መጀመሪያ የገለባ ቀለም ያዘ። ቀጥሎ ቡናማ ሆነ፣ ከዚያ ወይን ጠጅ፣ ከዚያ ቁልጭ ያለ ሰማያዊ። ያማረ መሰለኝ። ሰማያዊ ማለት ግን ብረቱ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ደርሶ ጥንካሬውን ለቋል ማለት ነው። አለቃዬ አልተቆጣም። መሮውን መልሶ ሰጠኝና «በሱ ሥራ» አለኝ፤ ሌላም አልጨመረ። ሰማያዊው ክፍል ተበልቶ እስኪያልቅ በየአምስት ደቂቃው እየሳልኩ ሠራሁበት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለውን ያኔ ገባኝ።

የመሰርሰሪያ ፑንታችሁ ላይ ኤች ኤስ ኤስ (HSS፣ በፍጥነት ለመቁረጥ የሚሆን ብረት ማለት ነው) የሚል ካያችሁ ያ ሌላ ብረት ነው። በ1900 አካባቢ ቴይለርና ዋይት የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ያወጡት ዓይነት ነው። እስኪቀላ ቢግልም ጥንካሬውን አይለቅም። የድሮው መሮ ግን እንዲህ አይደለም። ሁለቱን አታምታቱ።

አሁን ወደ ኤሌክትሪኩ። እንደምታስቡት የትናንት ልጅ አይደለም። ፋይን የተባለው የጀርመን ድርጅት በእጅ የሚያዝ የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ በ1895 ሠርቷል። የሽጉጥ መሰሉን እጀታና በጣት የሚሳበውን ማብሪያ ብላክና ዴከር የተባሉ አሜሪካውያን በ1917 የፈጠራ መብት አወጡበት። ገመድ አልባው በ1961 መጣ። እኔም አለኝ፤ ጣራ ላይ ወጥቼ ገመድ ስጎትት መዋል ቀርቶልኛል።

ግን ጥያቄዬን እዚህም አልተውም። የኤሌክትሪክ መሣሪያ «ስለት» ካርቦኑና ባትሪው ነው። ካርቦን የምለው ለሚሽከረከረው የሞተር ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያደርሰውን፣ እየተበላ የሚያልቀውን ትንሽ ቁራጭ ነው። ካርቦን ያለው ሞተር ከሆነ፣ ካርቦኑ ከውጭ ተፈቶ የሚቀየር ይሁን። ባትሪው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሞተሩ ሳይደክም ይደክማል። አምራቹ የባትሪውን ቅርጽ ለውጦ ከቆየ ደህናው ዕቃ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። የኔ መሳቢያ ውስጥ ሦስት እንዲህ ያሉ ተኝተዋል። ሦስቱም ጤነኛ ናቸው፤ የሚያበላቸው ጠፋ እንጂ። ስለዚህ መጀመሪያ የምትመርጡት ባትሪውን ይሁን። አንዱን ባትሪ ስንት ዓይነት መሣሪያ ይጠቀምበታል? ስንት ዓመት ገበያ ላይ ቆይቷል? መሰርሰሪያው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

የድሮ ነገር የምትወዱ ደግሞ አንድ ነገር ስሙኝ። አካሉ ብረት የሆነ አሮጌ የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ አምሮባችሁ ሶኬት ላይ እንዳትሰኩት። ውስጡ ያለው ሽቦ ልባሱ ደርቆ ይረግፋል። እኔን አንዱ እጄን አንዘፍዝፎ ጥሎኛል፤ የእንጨት ወለል ላይ መቆሜ ነው የረዳኝ። እሱን መደርደሪያ ላይ አስቀምጡና ተመልከቱት። አሮጌ ቀለምም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ እየፋቃችሁ አትተንፍሱት።

የእጅ መሣሪያ አሮጌውን መግዛት ግን አትፍሩ። ላይ ላዩን ያለ ዝገት አያስደንግጣችሁ። ኮምጣጤ ውስጥ አሳድራችሁ፣ ቤኪንግ ሶዳ ባለው ውሃ አጥባችሁ፣ በደንብ አድርቃችሁ ዘይት ቀቡት። ዝገቱ ብረቱን ጉድጓድ ጉድጓድ ካደረገው ተዉት፤ በተለይ ስለቱ አጠገብ። መላጊያ ከሆነ አፉ ዙሪያ ስንጥቅ እንዳለ እዩ። ብሎኖቹ ሁሉ መኖራቸውን ቁጠሩ፤ የአንዳንዶቹ ጥርስ ከዛሬው መለኪያ ጋር ስለማይገጥም አንዱ ከጠፋ ምትኩን መፈለግ ፈተና ነው። የመዶሻ እጀታ ሲላላ ውሃ ውስጥ አትንከሩት። ለአንድ ቀን ይጠብቃል፤ ሲደርቅ ግን ከበፊቱ ብሶ ይላላል። አዲስ ሽብልቅ ምቱበት።

ለመጀመር ከፈለጋችሁ በሚረባ ዕቃ አትጀምሩ። ጥርሱ ያልጠቆረ፣ ማንም የማይፈልገው የደነዘዘ መጋዝ ፈልጉ። ሞረድ ስትገዙ ጎኑ ከጥርሱ ቁመት ከእጥፍ ትንሽ ይብለጥ። መጀመሪያ የምትሞርዱት ላም ጥጃ ይሆንባችኋል፤ አንዱ ጥርስ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ። ጠፍጣፋ ሞረድ በላዩ ላይ አስኬዱና አናታቸውን እኩል አድርጋችሁ እንደገና ጀምሩ። የኔን የመጀመሪያ መጋዝ አራት ጊዜ ነው እንዲያ ያደረግኩት።