ሻንጣውን ያልፈታ መምህር

ዘንድሮ ማስተማር ለጀመራችሁ ልጆቼ፤

በ1988 ዓ.ም. ከመምህራን ማሠልጠኛው ከቲቲአይ ወጥቼ የተመደብኩት ከመኪና መንገድ የአራት ሰዓት የእግር መንገድ በሚርቅ ትምህርት ቤት ነበር። አንደኛ ክፍልን ብቻዬን ያዝኩ። አማርኛውም፣ ሒሳቡም፣ ስፖርቱም እኔው ነኝ። ወዲያው የዝውውር ማመልከቻ አስገባሁ። ነገ እሄዳለሁ ብዬ ልብሴን እንኳ ከሻንጣ አላወጣሁም። ማስተማሩንስ አስተምራለሁ፣ ግን እንደ እንግዳ ነው። የቀረ ልጅ ለምን ቀረ ብዬ አልጠይቅም።

ሰኔ 30 ካርድ ስሰጥ አንዲት ልጅ “ቲቸር፣ ለከርሞም አሉ?” አለችኝ። መልስ አጣሁ። ለካ ልጆቹም ሻንጣዬን አይተውታል። የዚያን ቀን ማታ ፈታሁት።

“መምህርነት ፍቅር ነው” ይሏችኋል። እውነት ነው፤ ግን ፍቅር የቤት ኪራይ አይከፍልም። ደሞዝ መጠየቅ ነውር አይደለም። ከጀማሪ ወደ መለስተኛ መምህር፣ ከዚያም ወደ ላይ የሚወስደውን የደረጃ እድገት ማስረጃ በጊዜ አስገቡ። የዘገየ ወረቀት ዓመት ይበላል።

እኔን በጣም የጎዳኝ ግን ገንዘቡ አልነበረም። አንድ ዓመት የሥራ አፈጻጸም ምዘና ለሁላችንም እኩል ተሞላ። ለለፋውም፣ ክፍል ለማይገባውም። ከዚያ በኋላ ቾክ ማንሳት ራሱ ከበደኝ። ቆይቶ ሌላ ርዕሰ መምህር መጣ። ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ክፍለ ጊዜውን ሙሉ ተከታተለኝ። ሲወጣ “ከኋላ ላሉት ጽሑፍህ አይታያቸውም፤ አግዝፈው” አለኝ። በቃ፣ ይህን ብቻ። ግን ሥራዬን ያየ ሰው አገኘሁ፤ ደስ ብሎኝ አደርኩ። ነገ ርዕሰ መምህር የምትሆኑ፣ አደራ፣ ክፍል ገብታችሁ ተቀመጡ።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል አገር ደነገጠ። እኔ ያሰብኩት አንደኛ ክፍልን ነው። ከእነዚያ ልጆች ስንቱ ሻንጣውን ባልፈታ መምህር እጅ ፊደል ቆጠረ?

ዝውውር ጠይቁ፣ መብታችሁ ነው። እስኪመጣ ግን የልጆቹን ስም በመጀመሪያው ሳምንት ያዙ። ሦስት ቀን የቀረ ልጅ ካለ ቤቱ ድረስ ሂዱ።

የእኔ ዝውውር የመጣው በአራተኛው ዓመት መጨረሻ ነው። ክፍሌን ይዤ በየዓመቱ አብሬ ወደ ቀጣዩ ክፍል ስወጣ ስለነበር፣ ያቺ ልጅ አራተኛን ከእኔ ጋር ጨርሳለች።