«ስኮልስም እኮ አስም ነበረበት»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አሰልጣኝ። የምጽፍልዎ ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። የ15 ዓመት ልጅ አለኝ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ አስም አለበት፣ ቁመቱም ከእኩዮቹ ያንሳል። ሰፈራችን አጠገብ ባለ ፕሮጀክት ሁለት ዓመት አጥቂ ሆኖ ሲጫወት ቆይቶ ባለፈው ወር «ደረትህ ይደክማል፣ ጉልበትም የለህም፣ ሌላ ነገር ሞክር» ብለው መለሱት። ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም ማለት ይቻላል። አባቱ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ከጅቡቲ መንገድ ደውሎ «አይዞህ፣ የማንችስተሩ ስኮልስም እኮ አስም ነበረበት፣ እሱም አጭር ነበር» አለው። ልጁ ከዚያ ወዲህ ስልኬን ይዞ የዚህን ሰው ጨዋታ ሲያይ ያመሻል። እኔ ኳስ አላውቅም። አባቱ ያለው እውነት ነው ወይስ ልጁን ለማጽናናት የተናገረው ነው? እውነት ከሆነስ ይጫወት ልበለው ወይስ ልከልክለው? አዲስ ታኬታ ግዢልኝ እያለኝም ነው፤ ዋጋው ደግሞ የሚቀመስ አይደለም።
የልጅ እናት፣ ከኮዬ ፈጬ

ከደብዳቤው ግርጌ በሌላ እጅ የተጻፈ፦ አሰልጣኝ፣ እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ። ስኮልስ ይህን ያህል ጎበዝ ከነበረ ለእንግሊዝ መጫወት በ29 ዓመቱ ለምን ተወ? ዲኤስቲቪ ቤት ትልልቆቹ ልጆች ላምፓርድና ጄራርድ ይበልጡታል እያሉ ያበሽቁኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ባለቤትዎ እውነታቸውን ነው። ፖል ስኮልስ አስም ነበረበት፤ አስሙን ይዞ ነው የተጫወተው። በልጅነቱ ጉልበቱንም ያመው ነበር፤ ኦስጉድ ሽላተር የሚባለው፣ በዕድገት ላይ ያሉ ልጆችን ከጉልበታቸው በታች አጥንቱ ላይ የሚያማቸው ሕመም ነው፣ እኔም ሜዳ ላይ በዚሁ የሚያነክስ ልጅ አይጠፋብኝም። ቁመቱ 1 ሜትር ከ68 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አሰልጣኙ አሌክስ ፈርጉሰን መጀመሪያ ሲያዩት በትንሽነቱ የተነሳ ተስፋ እንዳልጣሉበት በኋላ ራሳቸው ተናግረዋል። ያ ልጅ ለማንችስተር ዩናይትድ 718 ጨዋታ ተጫውቶ 155 ጎል አገባ፣ የፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ 11 ጊዜ አነሳ።

ግን «ስኮልስም አስም ነበረበት» የሚለው ቃል ብቻውን ለልጅዎ ስንቅ አይሆነውም። በዚያ ደረትና በዚያ ቁመት ያን ሁሉ ዓመት እንዴት እንደተጫወተ ማወቅ አለበት። (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ስኮልስ በ1974 ከማንችስተር ጋር በተያያዘችው ሳልፎርድ ተወለደ። በ1992 የዩናይትድ ወጣቶች እነ ጊግስ፣ ቤካምና ጋሪ ኔቭል የእንግሊዝን የወጣቶች ዋንጫ ሲያነሱ እሱ በፍጻሜው አልነበረም። በሚቀጥለው ዓመት ገባ፤ ያኔ ደግሞ በፍጻሜው በሊድስ ተሸነፉ። ለዋናው ቡድን መጀመሪያ የተሰለፈው በሴፕቴምበር 1994 በሊግ ካፕ ከፖርት ቬል ጋር ነው፤ የዚያን ቀን ሁለት ጎል አገባ። ልብ ይበሉ፣ ያኔ የሚጫወተው ፊት ነበር። እንደ ልጅዎ።

በ1997 የዩናይትድ አጥቂ ካንቶና ኳስ አቆመ። በዚያው ዓመት አምበሉ ሮይ ኪን ጉልበቱ ተጎድቶ ለረጅም ጊዜ ከሜዳ ራቀ። ስኮልስ ወደ መሃል እየተሳበ ገባና እዚያው ቤቱን ሠራ።

ቦታው ለምን እንደተስማማው ልንገርዎ፤ ኳስ አላውቅም ቢሉም ይገባዎታል። አጥቂ ብዙ ጊዜ ጀርባውን ለጎሉ ሰጥቶ ነው ኳስ የሚቀበለው። ከኋላው በራስ የሚበልጠው ተከላካይ ተደግፎበታል። እዚያ ትከሻ የሌለው ልጅ ይወድቃል፣ ይነሣል፣ ይወድቃል፣ መጨረሻ ላይ ደረቱ ይዘጋል። አማካይ ግን ዙሪያውን ሰው ነው ያለው፤ የፈለገ ጉልበተኛ ቢሆን ሁሉንም ገፍቶ አይዘልቀውም። ኳሷ ሳትደርሰው ማን የት እንደቆመ ካላወቀ ያልቅለታል። ልጅዎ ስልክዎን ይዞ ሲያይ ኳሷን ትቶ የስኮልስን አንገት ይመልከት። ኳሷ ገና መንገድ ላይ ሳለች አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ይገላመጣል። ስትደርሰው ወዴት እንደምትሄድ አስቀድሞ ተወስኗል፤ አንዴ ነክቶ ወደ ሌላኛው የሜዳ ጥግ ይልካታል፣ ሊገፋው የመጣው ሰው ባዶ ቦታ ላይ ይደርሳል። በልምምድ ሰዓት ሜዳ ዳር የቆመን ባልደረባ ከሩቅ አነጣጥሮ በኳስ ይመታ እንደነበር ጓደኞቹ ይተርካሉ፤ እግሩ ያን ያህል የሚታዘዘው ሰው ነው።

አይሮጥም ነበር ማለቴ አይደለም። በወጣትነቱ ከኋላ ተነሥቶ ማንም ሳያየው ጎል አፍ ላይ ይደርስ ነበር፤ በፕሪሚየር ሊግ ብቻ 107 ጎል አለው። ዕድሜው ሲገፋ ደግሞ ከተከላካዮቹ ፊት ቆሞ ከዚያ ሆኖ ያከፋፍል ጀመር። ኳስ መንጠቅ ላይ ግን ደካማ ነበር። ሸርተቴው ዘግይቶ ሰው እግር ላይ ነው የሚያርፈው፤ በ1999 ከስዊድን ጋር በቀይ ካርድ ሲወጣ፣ በአሮጌው ዌምብሌይ ለእንግሊዝ እየተጫወተ የተባረረ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ይህን ልጅዎ እንዳይቀዳው።

እዚህ ላይ የራሴን ልጨምር። ካራ ላይ ልጆች ማሰልጠን ከጀመርኩ 19 ዓመት ሆነኝ። በሦስተኛው ዓመቴ ለውድድር ልጅ ስመርጥ የእርስዎን ልጅ የሚመስል አንድ ልጅ መለስኩ። በቁመት አሰልፌያቸው ነበር፤ ጫፍ ላይ የቆመውን «አንተ በሚቀጥለው ዓመት» አልኩት። ኳስ ሲይዝ በደንብ አላየሁትም ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ባሕር ዛፎቹ ሥር፣ የሰፈር ጎረምሶች መሃል ሲጫወት አየሁት። ዞር ብሎ ያያል፣ ኳሷ ስትመጣ በአንድ ንክኪ ያሳልፋል፣ እንደገና ዞር ብሎ ያያል። ጠራሁት። «አሁን ወፍጮ ቤት ተቀጥሬያለሁ ጋሼ፣ ጊዜ የለኝም» አለኝ። ፊቱ ላይ ቂም አልነበረም፣ ዱቄት ብቻ ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ ልጅ በቁመት አሰልፌ አላውቅም። ልጅዎን የመለሱትን ሰዎች ክፉ ናቸው የማልለውም ለዚህ ነው፤ አርባ ልጅ፣ ሁለት ኳስና አንድ ጠጠራም ሜዳ ይዞ የሚመርጥ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ቁመት ላይ ነው።

ወደ ደረቱ እንመለስ። ይህን ሐኪም ይየው። ሐኪሙ ፊት ሲቀርቡ ግን «ልጄ ኳስ ይጫወታል» ብለው ይጀምሩ፤ ሕክምናው በዚያ ልክ ይሁንለት። በየቤቱ የማየው ስህተት አንድ ነው፦ ሲያፍነው ሰማያዊዋን የምትሳበውን መድኃኒት ይወስዳል፣ ሲተወው ነገሩ ይረሳል። ሰማያዊዋ ሳልቡታሞል የጠበበውን የአየር ቧንቧ ለጊዜው ትከፍታለች እንጂ ውስጡ ያለውን ቁጣ አታበርድም። ለእሱ ሐኪም የሚያዘው፣ በየቀኑ የሚሳብ ሌላ መድኃኒት አለ፤ ደህና ነኝ ባለበት ቀንም አይቋረጥም። ልጁ ሰማያዊዋን በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ የሚፈልጋት ከሆነ አስሙ አልተያዘም ማለት ነውና ተመልሶ ይታይ። ከጨዋታ በፊት ይውሰዳት ወይ የሚለውንም ሐኪሙን ይጠይቁ።

ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለችው፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ንጋት ብርዱ ደረቅ ነው፣ ደረት ይቆነጥጣል። እናንተ ጋ ደግሞ ግንባታው ገና አላለቀም፣ ሲኖትራክ ባለፈ ቁጥር አቧራው ይነሣል። እኔ አስም ያለባቸውን ልጆች ከንጋት ልምምድ አስቀርቼ ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ነው የማስገባቸው። 15 ደቂቃ በቀስታ ያሟሙቃሉ፣ ድንገት ተነሥቶ መፈትለክ የለም። እየሮጠ ሳለ ስሙንና የእናቱን ስም ጠይቄው በአንድ ትንፋሽ መመለስ ያቃተው ልጅ ወዲያው ወጥቶ ይቀመጣል፣ መድኃኒቱን ይስባል። መድኃኒቱ ደግሞ ቤት መደርደሪያ ላይ ሳይሆን ሜዳው ዳር ባለው ቦርሳ ውስጥ ይሁን፤ የት እንዳለም ሁለት ጓደኞቹ ይወቁ።

ስለ ታኬታው። ስኮልስ በ2011 ኳስ አቁሞ ነበር። በጃንዋሪ 2012፣ የገና ማግስት እሑድ፣ ካራ ዲኤስቲቪ ቤት ዩናይትድ ከማንችስተር ሲቲ ጋር በኤፍኤ ካፕ ሲጫወት ልናይ ተቀምጠናል። ከተቀያሪዎቹ መሃል 22 ቁጥር ለብሶ ያ ቀይ ጸጉር ብቅ አለ። ቤቱ በጩኸት ተናጋ፣ አንዱ የያዘውን ሻይ ደፋው። መመለሱ በምስጢር ስለተያዘ ማንም አልጠበቀውም። በኋላ እንደተናገረው ታኬታ እንኳን አልነበረውም፤ የጫማ ድርጅት ቢጠይቅ ወሬው ይወጣል ብሎ ከሱቅ በ40 ፓውንድ ገዝቶ ነው የገባው። ዩናይትድ 3 ለ 2 አሸነፈ፣ እሱም በሚቀጥለው ሳምንት ቦልተን ላይ ጎል አገባ። ስለዚህ እህቴ፣ ለውዱ ታኬታ አይጨነቁ። ሶሉ ያልተላቀቀ ሳልቫጅ ይበቃዋል። ሲመርጡ ግን ረጃጅም ጥርስ ያለውን ይተዉት፣ በጠጠር ሜዳ ላይ ቁርጭምጭሚት ያዞራል፤ ጥርሱ አጫጭርና ብዙ የሆነውን ይውሰዱ። ገንዘቡ ከአንዱ በላይ ካልደረሰ መድኃኒቱ ይቅደም።

ይጫወት። ትምህርቱን ልተው ካለ ግን አይስሙት፤ ከሠለጠኑት መካከል ክለብ የሚገቡት ጥቂት ናቸው፣ ይህን ደብቄ ላስደስተው አልፈልግም።

አሁን ደግሞ አንተ ልጄ።

ስኮልስ ለእንግሊዝ 66 ጊዜ ተሰልፎ 14 ጎል አግብቷል፤ በማርች 1999 ፖላንድ ላይ ሦስት አግብቶ ሐትሪክ ሠርቷል። በ2004 የአውሮፓ ዋንጫ አሰልጣኙ ኤሪክሰን መሃሉን ለላምፓርድና ለጄራርድ ሰጥተው እሱን ወደ ግራ ገፉት። ከውድድሩ በኋላ ብሔራዊ ቡድኑን ለቀቀ። ምክንያቱ ቤተሰቡና ክለቡ እንደሆነ ነው የተናገረው፤ እኔም ቃሉን እወስዳለሁ። ግን ከመሃል ሆኖ ሜዳውን በሙሉ የሚያይ ሰው መስመር ዳር ሲቆም ግማሹ ዓይኑ ይባክናል፤ እንግሊዝ በዚያ ከሰረች ባይ ነኝ። ለ2010 የዓለም ዋንጫ የያኔው የእንግሊዝ አሰልጣኝ ካፔሎ ተመለስ ብለው ጠይቀውት እምቢ ማለቱ ደግሞ ኋላ እንደቆጨው ተናግሯል።

ዲኤስቲቪ ቤት ቁጥር ካነሡብህ አትካድ። ላምፓርድ በፕሪሚየር ሊግ 177 ጎል አለው፣ ጄራርድ 120፤ ለአገራቸውም 106 እና 114 ጊዜ ተሰልፈዋል። የሊግ ዋንጫ ግን ላምፓርድ 3 ጊዜ ነው ያነሣው፣ ጄራርድ አንድም የለው። የጄራርድን ጉልበት እወዳለሁ፣ ላምፓርድም ጎል አፍ የሚደርስበትን ሰዓት የሚያውቅ ሰው ነበር። ጨዋታው ሲጣደፍ ኳሷን ሰጥቼው የምተነፍሰውን አንድ ሰው ምረጥ ብትለኝ ግን ስኮልስን እመርጣለሁ።

እህል ስላልቀመስክባቸው ሦስት ቀኖች ደግሞ ይህን ስማ። በኤፕሪል 1999 ዩናይትድ በቱሪን ዩቬንቱስን 3 ለ 2 አሸንፎ ለሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ አለፈ። ስኮልስ ተቀይሮ ገብቶ ቢጫ ካርድ አየ፣ በዚያች ካርድ ታግዶ ፍጻሜው አመለጠው። ከፍጻሜው አራት ቀን ቀደም ብሎ በኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ኒውካስል ላይ ጎል አገባ። ከዚያ ባርሴሎና ሄዶ ጓደኞቹ በጭማሪ ሰዓት ባየርንን ሲያሸንፉ በሙሉ ልብስ ሆኖ ተመለከተ። በ2005 መጨረሻ ደግሞ አንድ ዓይኑ ደበዘዘበትና ከቀረው የውድድር ዓመት አብዛኛውን ሳይጫወት አለፈ። ተመለሰ። በኤፕሪል 2008 በሻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ባርሴሎና ክለብ ላይ ከሩቅ የለጋት ብቸኛ ጎል ቡድኑን ለሞስኮው ፍጻሜ አደረሰችው። ፈርጉሰን ትሰለፋለህ ብለው ቃል ገቡለት፣ ተሰለፈም፤ ቼልሲን በፍጹም ቅጣት ምት አሸነፉ። በሙሉ ልብስ ሆኖ ከተመለከተበት ከ1999ኙ የባርሴሎና ምሽት እስከ ሞስኮ ዘጠኝ ዓመት ነው።

ላንተ የማዝልህ ሥራ ይኸው። የብሎካችሁን መስኮት የሌለውን ግድግዳ ፈልግ፣ ስምንት እርምጃ ራቅና ኳሷን ለጋ። ከኋላህ ጓደኛህ ወይም እህትህ ቆማ ጣቶቿን ታንሣ። ኳሷ ከግድግዳው ነጥራ ሳትደርስህ ዞር ብለህ ስንት ጣት እንደሆነ ተናገር፣ ከዚያ በአንድ ንክኪ መልሳት፤ ሃያ ጊዜ በቀኝ እግር፣ ሃያ ጊዜ በግራ። ትንፋሽህ ካጠረ ቁጭ በል፣ ሩጫ የለውምና የሚያመልጥህ ነገር የለም። መጀመሪያ ሰሞን ኳሷ ታመልጥሃለች፣ ጣቱንም ትስታለህ። ለአንድ ወር ከአርባው ስንቱን እንዳገኘህ በየቀኑ ደብተር ላይ ጻፍና ለእኔ ላክልኝ፤ ውጤቱን አይቼ ቀጣዩን ሥራ እዚሁ ዓምድ ላይ እጽፍልሃለሁ።