«ሲሄድ ይላላል» ብላችሁ መኪና ለምታስረክቡ ልጆቼ

ሰሞኑን ከመራዊ አንድ ወጣት መካኒክ ጥያቄ ላከልኝ። በቆጋ መስኖ አካባቢ የሚሠራ ባለ አራት ጎማ ሞተር፣ ኤቲቪ የሚባለው፣ እጁ ላይ ገብቷል። የፊት እግሩን ፈትቶ ቦል ጆይንቶቹን (ጎማው ሲዞር የሚወዛወዝባቸውን ኳሶች)፣ የታይ ሮድ ጫፎቹን (መሪውን ከጎማው የሚያገናኙትን ዘንጎች ጫፍ) እና የአርሞቹን (ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚይዙትን ክንዶች) ጎሚኒ ቀየረ። መልሶ ሲያስረው መሪው ደነደነ። በጉልበት ካልሆነ አይዞርም፤ ከዞረ በኋላም ወደ መሃል አይመለስም። «ጋሼ፣ ባለቤቱ ቸኩሏል። ዕቃው አዲስ ስለሆነ ሲሄድ ይላላል ብዬ ላስረክበው?» ይለኛል።

አታስረክብ። ምክንያቱን ልንገርህ፤ ሌሎቻችሁም ስሙ።

ደብረ ማርቆስ ነው፣ 1980ዎቹ መጨረሻ። እኔ ገና መብራት ያዥ ነኝ። ጋራዡ ውስጥ አንድ ልጅ ነበር። በዕድሜ ብዙም አይበልጠንም፤ እጁን አይተን ግን «አያ» እንለዋለን። ሞተር ሲነሳ ቆሞ ያዳምጥና የታመመውን ቦታ ይነግርሃል። አንድ ቀን ቶዮታ ፒካፕ ገባና የፊት ቦል ጆይንቶቹ ተቀየሩ። ሥራውን የሠራው ሌላ ሰው ነው። ሾፌሩ በማግስቱ ጤፍ ጭኖ አዲስ አበባ ሊሄድ ነው። አመሻሽ ላይ ለሙከራ ሲያወጡት መሪው ድርቅ ብሏል። ባለጋራዡ «አዲስ ዕቃ ነው፣ ሲሄድ ይላላል» አለና ቁልፉን ለሾፌሩ ዘረጋ። አያ መሃል ገብቶ «አይሄድም» አለ።

የዓባይን በረሃ የሚያውቅ ይገባዋል። ከደጀን እስከ ድልድዩ መንገዱ እየተጠማዘዘ ነው የሚወርደው። ያኔ የሕዳሴ ድልድይም የለም፤ እሱ የተከፈተው በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። ከበረሃው የወጡ መኪኖች ደጀን ላይ ቆመው ሲበርዱ የጋለ ሞተራቸው ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ። ልጅ ሆኜ ያን ሽታ እወደው ነበር፤ መካኒክ የሆንኩትም በሱ ይመስለኛል። ለማንኛውም፣ የጫነ መኪና ኩርባ ዞሮ መሪው በራሱ ካልተመለሰ ሾፌሩ ታግሎ መመለስ አለበት። ትንሽ ከዘገየ ገደል ነው።

አያ መኪናውን በክሪክ አነሳና ደገፈው። ሁለቱም የፊት ጎማዎች ከመሬት ለቀቁ። መሪውን ሲያዞር አሁንም ደረቅ ነው። «እንግዲህ ከክብደቱም ከጎማው ነፋስም አይደለም» አለ። ቀጥሎ የታይ ሮዶቹን ጫፍ ከሁለቱም ጎማዎች በኩል አላቀቀ። መሪው ብቻውን ሲሞከር በሁለት ጣት ዞረ። ግራውን ጎማ በእጁ ገፋ፤ እሺ ብሎ ዞረ። ወደ ቀኙ ሲሄድ መብራቱን እንዳስጠጋ በዓይኑ ጠቀሰኝ። ጎማውን አወለቀና ተንበርክኮ፣ ጎማው የሚታሰርበትን ብረት በሁለት መዳፉ ይዞ ቀስ እያለ አዞረው። ይሄዳል፣ ይይዛል፣ ይዘላል። እንደገና ይሄዳል፣ ይይዛል። የታችኛው ቦል ጆይንት ነበር። በዚያው ቀን ከካርቶን የወጣ ዕቃ!

«አዲስ ቦል ጆይንት ይጠነክራል» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ነው የሚጠነክረው። እየያዘ የሚለቅ ከሆነ ታሟል።»

ሌላ ዕቃ ደብረ ማርቆስ አልተገኘም፤ ከአዲስ አበባ መምጣት ነበረበት። ተጨቃጨቁ። ባለጋራዡ «አንድ መኪና ስትበረብር ልታመሽ ነው እንዴ? ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ» አለው። አያ እጁን ታጠበ፣ ቱታውን አጣጥፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወጣ። ሾፌሩ ሁሉን ሰምቷል፤ መኪናውን አልወሰደም። ዕቃው መጥቶ ሲገባ መሪው ቀለለ። አያን ግን ማንም ተመለስ አላለውም። ከብዙ ጊዜ በኋላ ቡሬ ገበያ በርበሬ ሲነግድ አገኘሁት። በርበሬ መነገድ የተከበረ ሥራ ነው። ግን እንዲያ ያለ እጅ ሚዛን ላይ ሲውል ሳይ አንጀቴ ተላወሰ። ስለ ጋራዥ ላነሳበት ስል «ተወው እባክህ» አለኝ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ወደ ኤቲቪህ ልመለስ። አካሄዱ ያው ነው፤ አንሳው፣ ታይ ሮዶቹን አላቅቅ፣ እያንዳንዱን ለየብቻው በእጅህ አዙር። የመሪው እጀታ ብቻውን ከደነደነ ችግሩ ከላይ ነው። የመሪው ዘንግ መሃሉ ላይ በቡሽ (ዘንጉ ውስጡ በሚዞርበት ቀለበት) ተይዞ ይታሰራል። እሱ ከደረቀ፣ የቆጋ ጭቃ ከገባበት ወይም ከልክ በላይ ከጠበቀ ዘንጉን ያንቀዋል። የፍሬን ቱቦና ኬብሎች በትክክለኛው መንገዳቸው ማለፋቸውንም እይ።

እጀታውም ጎማዎቹም ለየብቻ ቀለው፣ ታይ ሮዱ ሲገጠም ብቻ የሚደነድን ከሆነ ጫፎቹን ጠርጥር። መቆለፊያ ዳዶውን ስታጠብቅ ጫፉ አብሮ ይዞራል። ኳሱ የመወዛወዣው ጥግ ላይ ይደርስና መሪው ዞሮ መጨረሻው ሳይደርስ ይይዛል። ሁለቱን ጫፎች መሃል ላይ አቁመህ አጥብቃቸው። ሁሉም ልክ ሆኖ መሬት ላይ ሲወርድ ብቻ ከከበደ ደግሞ የጎማውን ነፋስና የፊት ጎማዎቹን አቅጣጫ ለካ። የፊቱ ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለሁለቱ የፊት ጎማዎች የሚያካፍለው) ተቆልፎ እንዳይሆንም እይ፤ እሱም መሪ ያከብዳል።

የአርሞቹን ብሎን እግሩ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ አጥብቀህ ከሆነ አላልተህ መሬት ላይ ሲወርድ አጥብቀው። ይህ መሪ አያደነድንም፤ ጎሚኒውን ግን ቶሎ ይጨርሰዋል።

የዛሬ ልጆች ቶሎ ዕቃ ትቀይራላችሁ። ስልክ ላይ ቪዲዮ ታዩና የተቀየረውን ሁሉ ትቀይራላችሁ፤ በእጅ መሞከር ግን ይሰለቻችኋል። ይህን ስል ልሳሳት እችላለሁ። የመኪና ኤሌክትሪክ ላይ እኛን ትበልጡናላችሁ። የብሎን ጥብቀት መጠን ስፈልግ እኔም የልጅ ልጄን ነው የምጠይቀው፤ ከመመሪያው ፈልጎ በደቂቃ ይነግረኛል። ያኔ ያ መመሪያ ቢኖረን ብዙ ብሎን አንበጥስም ነበር።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልበላችሁ። ለፍለጋው ጊዜ ዋጋ ጠይቁ። ባለጋራዡ አያን ያባረረው በርብሮ በማግኘቱ ገንዘብ ስለማያገኝ ነው፤ ሒሳቡ የሚታሰበው በተቀየረ ዕቃ ነበር። ዛሬም ብዙ ቦታ እንዲሁ ነው። ደንበኛው መኪናውን ሲያመጣ «መጀመሪያ እፈትሻለሁ፣ የፍተሻው ዋጋ ይህን ያህል ነው፣ ዕቃው ከዚያ በኋላ ይታያል» በሉት። አንዳንዱ ተናዶ ይሄዳል፤ ይሂድ። በተለይ እናንተ ገና ጋራዥ ልትከፍቱ የምታስቡ፣ ዋጋችሁን ከመጀመሪያው ቀን እንዲህ አድርጋችሁ ለጥፉ፤ በኋላ ለመቀየር ከባድ ነው።