ቆሻሻን መብራት ማድረግ ለምትፈልጉ ልጆች

ባለፈው ሳምንት ከባህር ዳር ፖሊ ቴክኒክ አንድ ተመራቂ ልጅ ደወለልኝ። የመመረቂያ ስራው በአማዞን ደን መሀል ስላለችው የብራዚሏ ማናውስ ከተማ ነው። «ጋሼ፣ ማናውስ ቆሻሻዋን አቃጥላ መብራት ብታመነጭ አያዋጣትም?» አለኝ። አስቤ እመልስልሃለሁ ብዬው ስልኩን ዘጋሁ፤ ሌሊት ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ጥያቄው አንድ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። ስለዚህ ለእሱም፣ እንደሱ ለምታስቡ ሌሎች ልጆችም አንድ ላይ ልጻፈው።

ያኔ ወጣት መሀንዲስ ነበርኩ። የባህር ዳርን ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ ማመንጨት ይቻል እንደሆነ አንድ ጥናት ይካሄድ ነበር፤ እኔም ከአጥኚዎቹ አንዱ ነበርኩ። የቆሻሻው ናሙና የተወሰደው በጥር ነው። ጥር ላይ እዚህ ዝናብ የሚባል ነገር የለም። ካርቶኑም፣ ቅጠሉም፣ የጫት ገረባውም ድርቅ ብሎ ነው የሚመጣው። ቁጥሩ አማረ፣ ሁሉም ደስ አለው። እኔ ግን ሐምሌንም እንየው ብዬ ወተወትኩ። በስንት ልመና ተፈቀደልኝ።

ሽምብጥ አካባቢ አንድ ሜዳ ላይ ሸራ ዘረጋን። ቤት ለቤት ቆሻሻ የሚሰበስቡ የማህበር እናቶች ጋሪያቸውን እየገፉ መጡ። ጋሪው ሲገለበጥ ቀድሞ የወጣው ውሃ ነው። ጥቁር፣ የአተላ ጠረን ያለው ውሃ። ከዚያ የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ የድንች ልጣጭ፣ የሻገተ እንጀራ፣ ከየግቢው የተጠረገ አፈርና የከሰል አመድ ተከተለ። ከስር በፌስታል የተቋጠሩ ነገሮች ነበሩ፤ ስንፈታቸው ውስጣቸው ዝናብ አቁሯል። እየለየን በየማዳበሪያው ከረጢት ሞላንና ሚዛን ላይ ሰቀልን።

ከእናቶቹ መካከል በእድሜ የገፉት ዝም ብለው ሲያዩን ቆዩና ከክምሩ አንድ እፍኝ አንስተው ጨመቁት። ውሃው በጣቶቻቸው መሀል ወረደ። «ልጄ፣ ይሄን ነው የምታነዱት? እርጥብ እንጨት እንኳን ጭሶ ጭሶ ይያያዛል፤ ይሄ መቼ ሊያያዝ ነው?» አሉኝ። ናሙናውን ማድረቂያ ምድጃ ውስጥ አሳድረን በማግስቱ ስንመዝነው ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የለም። የሳቸው እፍኝና የኛ ሚዛን አንድ ነገር ነው የተናገሩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ኪሎ ውሃ ለማትነን 2.3 ሜጋ ጁል ገደማ ሙቀት ይበላል። ያ ሙቀት ጄኔሬተሩን የሚያዞረው ተርባይን ጋ አይደርስም፣ ከእንፋሎቱ ጋር በጭስ ማውጫው ይወጣል። ቆሻሻው በኪሎ 6 ወይም 7 ሜጋ ጁል ካልሰጠ ደግሞ በራሱ አይነድም፤ ናፍጣ እየጨመሩለት ነው የሚነደው። የምግብ ትርፍራፊ ከክብደቱ 70 በመቶ ያህሉ ውሃ ስለሆነ የኛ ከተሞች ቆሻሻ በክረምት እዚያ ደረጃ ላይ መድረስ ይከብደዋል።

ይሄን ሁሉ ጻፍኩ። የሆቴሎችንና የተማሪ ምግብ ቤቶችን ትርፍራፊ ለይተን በባዮጋዝ ማብላያ፣ ማለትም ትርፍራፊው ያለ አየር በስብሶ የሚነድ ጋዝ በሚሰጥበት ዝግ ጉድጓድ፣ እንጀምር የሚል ሀሳብም ጨመርኩበት። እናቶቹ ለይተን እናመጣለን ብለው ነበር፤ በርሜል ብቻ ነው የጠየቁን። ሪፖርቱ ሲወጣ የጥር ቁጥር አለ፣ የሐምሌው የለም። ለምን ስል «ገንዘብ የሚሰጡት ሰዎች ይደናገራሉ» ተባልኩ። በመጨረሻ ማቃጠያውም ሳይሰራ፣ ማብላያውም ሳይቆፈር ቀረ። እኚያ እናት መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር «በርሜሉስ?» ይሉኝ ነበር። ከዚያ ማህበሩ ተበተነ። እስከዛሬ የሚያንገበግበኝ የማሽኑ አለመተከል አይደለም፤ ማሽን ገንዘብ ሲገኝ ይገዛል። ቆሻሻ ለይቶ ለማምጣት የተነሳ ሰው ግን በየቀኑ አይገኝም፤ ያን ሰው አግኝተን በበርሜል እጦት አጣነው።

ስለ መብራት ሲነሳ ጢስ አባይ ይመጣብኛል። የመጀመሪያው ጣቢያ በ1956 ዓ.ም. ሲከፈት 11.4 ሜጋ ዋት ነበር። በ1993 ዓ.ም. 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ሁለተኛው መጣና ውሃው ወደ ተርባይን ዞረ፣ ፏፏቴውም ሳሳ። የድሮውን ጢስ ያየ ሰው በበጋ ወደዚያ እንግዳ ይዞ መሄድ ይከብደዋል። እኔም ይከብደኛል፣ ምንም እንኳ በዚያው መብራት ያጠናሁ ብሆን።

ማናውስም ለመብራት የባሰ ዋጋ ከፍላለች። ከ2 ሚሊዮን በላይ ህዝብ ይዛ እስከ 2013 እ.ኤ.አ. ከብራዚል ዋና የኤሌክትሪክ መስመር ጋር አልተገናኘችም ነበር። በናፍጣ፣ በጋዝና ባልቢና በሚባል ግድብ ነው የኖረችው። ባልቢና 250 ሜጋ ዋት ለማመንጨት 2,360 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ደን አስጠሟል። የጣናን ሶስት አራተኛ የሚያህል መሬት ማለት ነው! ዛፎቹ ውሃ ውስጥ ሲበሰብሱ ሚቴን የሚባል ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ ያወጣሉ። የኛ ጣና በለስ ግን ድሮም በነበረ ሐይቅ 460 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ነው የተሰራው።

እንግዲህ ልጄ፣ መልሴ ይኸው። ማናውስ በዓመት 2,300 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፣ እኛ 1,400 አካባቢ። የኛ መስከረም ሲያልቅ ይብቃኝ ይላል፤ የነሱ ፋታ ግን አጭር ነው። ስለዚህ እሳት ከማሰብህ በፊት የሚበሰብሰውን ለይተህ አስላው። ከአንድ ቶን የምግብ ትርፍራፊ 100 ሜትር ኩብ ገደማ ባዮጋዝ ይገኛል፣ ከሱም 200 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ። የተቀበረውን ቆሻሻም አትርሳ። እዚያው ብራዚል፣ ሳኦ ፓውሎ፣ ባንዴይራንቴስ ከሚባለው የቆሻሻ መቅበሪያ በቧንቧ በተሳበ ጋዝ በ2004 እ.ኤ.አ. 20 ሜጋ ዋት ገደማ የሚያመነጭ ጣቢያ ተተክሏል። ያ ጋዝ ዝም ቢባል ወደ ሰማይ ነው የሚሄደው፤ ሚቴን ደግሞ በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ25 እጥፍ በላይ ያሞቃል።

ይሄን ሁሉ ብዬ ደግሞ የአዲስ አበባው የረጲ ማቃጠያ ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ሲመረቅ እንባዬ መጥቷል። በቀን 1,400 ቶን ገደማ እንዲያቃጥል የታቀደ ነው። አጠገቡ ቆሼ ላይ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ከነቤቱ ቀብሯል። ያን ተራራ የሚቀንስ ማንኛውም ነገር ይምጣ ነው ያልኩት። ከላይ ካልኩት ጋር ይጋጫል፣ አውቃለሁ። ይጋጭ።

የዛሬ ልጆች ፈጣን ናችሁ፣ በኛ ጊዜ ወር የሚፈጀውን ስሌት ባንድ ቀን ትጨርሱታላችሁ። ግን ቆሻሻ መንካት ትጠየፋላችሁ። የአውሮፓን ቆሻሻ ቁጥር ከኢንተርኔት አውርዶ ባህር ዳር ላይ የለጠፈ ስንት ፕሮፖዛል አንብቤያለሁ! ጣናን የወረረውን የእምቦጭ አረምም እንዲሁ። እምቦጭን ወደ ጋዝ እንለውጥ የሚል ልጅ ሲመጣ ደስ ይለኛል፣ ጣናን የሚያስብ ነውና። ግን እምቦጭ ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ነው። በመኪና ጭኖ ከተማ ማምጣት ውሃ ማጓጓዝ ነው። እዚያው ዳርቻ፣ ገበሬው ቤት አጠገብ፣ ከከብት እበት ጋር ቢቀላቀል ይሻላል፤ የሚወጣው ዝቃጭም ለማሳው ማዳበሪያ ይሆነዋል።

ባዮጋዝ ለመጀመር የምትፈልጉ ካላችሁ አንድ የዩኒቨርሲቲ ምግብ ቤት ይበቃችኋል። ትርፍራፊው ከፌስታልና ከሶፍት ተለይቶ በራሱ በርሜል እንዲጠራቀም ከወጥ ቤት ሰራተኞቹ ጋር ተስማሙ፤ የማብላያውን ጉድጓድ መቆፈር ከዚያ በኋላ ነው። ጋዙ እንደበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ ሰልፈር አለውና ሞተር ይበላል፤ በዛገ የብረት ብናኝ ውስጥ አሳልፉት። መጀመሪያ ላይ ለማብሰያ ብቻ ተጠቀሙበት። ትንሽ ሞተር ከጋዙ ጉልበት ሩቡን ያህል ነው ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው፤ ደህና የባዮጋዝ ምድጃ ላይ ግን ግማሽ ያህሉ ድስቱ ጋ ይደርሳል። ጄኔሬተሩን የወጥ ቤቱ ፍላጎት ተሟልቶ ጋዝ መትረፍ ሲጀምር ግዙ።